ከጋሼ ላቀው ላንድሮቨር ሥር

ክቡራትና ክቡራን፤

ክብር የሚገባችሁ ክብራችሁን ውሰዱ፤ የቀራችሁት ደግሞ ወንበር አግኝታችኋልና እሱ ይበቃችኋል። በመጀመሪያ ይህን ድግስ የደገሳችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። አለቃችንን አቶ አዱኛን ስለ በጉ፣ ፋሲካን ስለ ድካሟ፣ ጋሼ ላቀውን ደግሞ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ያንን ደረጃ ወጥተው ስለመጡልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ጡረታ ለወጣ ሰው ሰዓት የሚሰጠው ለምንድን ነው? የት እንዳልዘገይ ነው? ሠላሳ ሁለት ዓመት ስትዘገዩ የኖራችሁት እናንተ፣ ሰዓቱ የተሰጠው ለእኔ!

አትሳቁ። ገና አልጀመርኩም።

አቶ አዱኛ ቅድም ሲናገሩ «እትዬ የሺ የጣቢያችን ምሰሶ ናቸው» አሉ። አጨበጨባችሁ። ምሰሶ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሁሉም የሚደገፈው፣ ማንም ግን ቀና ብሎ የማያየው እንጨት ነው። ቀጥሎ ፍሬው ተነሳና «የእትዬ የሺን ፈለግ እንከተላለን» ብሎ ቃል ገባ። ፍሬው፣ አንተ ነህ ይህን ያልከው? እዚህ በሠራህበት ስድስት ዓመት ወደ መመርመሪያው ጉድጓድ ስትወርድ ያየሁህ አንድ ቀን ነው። እሱም ስልክህ የወደቀብህ ቀን ነው። አሁንም ስልክህን አውርድና ስማ፤ ቪዲዮ የምታነሳው ነገር የለም።

እንግዶች ስላላችሁ ሥራችንን ላስረዳ። ከንፋስ መውጫና ከአካባቢው ያለ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ እዚህ ይመጣል። መርምረን ደህና ከሆነ እንፈርማለን፤ ባለቤቱ በዚያ ወረቀት ቦሎውን አውጥቶ መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ሰውም ቦሎዋን አይቶ ልጁን ያሳፍራል። ሥራው ይኸው ነው። የእኛ ጀግኖች ታዲያ እንዴት ይመረምራሉ? ቆመው! ጥሩምባ ይነፋል፣ መብራት ይበራል፣ ጎማ በጫማ ይመታል። ጎማ በጫማ መምታት ምን እንደሚያሳውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት የጫማውን ጥራት ይሆናል። ከዚያ ሾፌሩን «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ዘመድ ሆኖ ከተገኘ መኪናው ጤነኛ ነው።

መኪና ግን የሚሞተው ከታች ነው። ከሥር እንደ ወለል አግዳሚ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ተጋድመዋል፤ ሻንሲ እንለዋለን። ሞተሩም፣ ወንበሩም፣ ተሳፋሪውም የተቀመጠው በእሱ ላይ ነው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ዝገት ከውስጥ ይጀምርና ሥራውን ጨርሶ ነው ወደ ውጭ ብቅ የሚለው። ስለዚህ ሻንሲ በዓይን አይታመንም። ተወርዶ፣ ተንጋልሎ፣ በመዶሻ እየተኳኳ ይሰማል።

ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ስቀጠር ቤቱ ጋራዥ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም የአቶ አዱኛ አባት አቶ ባዩ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው። በመጀመሪያው ሳምንት ከራሳቸው ከአቶ ባዩ ጭነት መኪና ሥር ሆኜ ሻንሲውን ሳንኳኳ ሰሙኝና ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ በር መሰለሽ እንዴ?»

«እናቴ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ማድጋ ስትገዛ በጣቷ ታንኳኳለች» አልኳቸው። «ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ብረትም ያው ነው።»

አሰብ አደረጉና «ማድጋ ሻጩስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ይሳደባል።»

«እንግዲያው ጆሮሽን አዘጋጂ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናቴ ለአንድ የውሃ ማድጋ ያደረገችውን፣ እናንተ አሥራ ሁለት ነፍስ ለሚጭን መኪና ማድረግ እንዴት ከበዳችሁ? ማድጋ ቢሰበር የሚፈሰው ውሃ ነው።

ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ሾፌሮቹ ሴት ከመኪናቸው ሥር እንድትገባ አይፈቅዱም። አንዱማ ከስማዳ ድረስ መጥቶ እኔን ሲያይ ዞሮ ተመለሰ። «ገፊ ናት» ተባልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ቱታ ለብሼ መፍቻ ስወለውል ከረምኩ። አቶ ባዩም ሊያሰናብቱኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

አንድ ቀን ጋሼ ላቀው መጡ። ያች አረንጓዴ ላንድሮቨራቸው ያኔም አሮጌ ነበረች፤ የገዟት በ1964 ነው። ሾፌሮቹ ተሰብስበው «ጋሼ፣ እሷ ነካች ማለት መኪናዎ አለቀላት» አሏቸው። ጋሼ ላቀው ምን አሉ መሰላችሁ? «ገፊ ከሆነችማ ደግ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ እምቢ ሲለኝ የሚገፋልኝ ሰው አጥቻለሁ!» ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔም ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም። ዛሬ እዚህ ቆሜ እናንተን የምሰድበው በእሳቸው ቸርነት ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

አሁን ወደ መኪናዋ እንምጣ። በዚህ ከተማ አንድ ሃይማኖት የሚመስል ነገር አለ፤ «ላንድሮቨር አይዝግም» ይባላል። ቀሳውስቱም፣ ሾፌሩም፣ የባጃጁ ልጅም ይለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ላይኛው አካሏ የተሠራው ከአሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም። ሻንሲዋ ግን ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ የማን መኪና እንደሆነ አይጠይቅም። ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ? ግድግዳው አይነቅዝም ብሎ የምሰሶውን ሥር የማያይ ባለቤት ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ ከተማ ሙሉ።

ጋሼ ላቀው፣ አይቀየሙኝ፤ የእርስዎንም ልናገር ነው። ሃያ ዓመት ያህል በዚያች መኪና ከወልዲያ የከብት ጨው አመላለሱ። የጋይንት ከብት የላሰው ጨው ሁሉ በእሷ ጀርባ ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፈሰሰውን ጨው ግን በመጥረጊያ አይጠርጉም። «ጨው በረከት ነው፣ እንደ ጥራጊ አይጣልም» ይላሉ። ስለዚህ ገበያው ሲበተን ወለሉን በባልዲ ውሃ ያጥቡታል፤ በየሳምንቱ፣ ሳያጓድሉ። ሰውም «አቤት የጋሼ ላቀው ንጽህና!» ይል ነበር። ውሃው ጨዉን ይዞ የት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ማንም የለም። ወደ ታች ነዋ! ወደ ሻንሲው ሆድ። ሰነፍ ባለቤት ቢኖራት ኖሮ ጤነኛ ትሆን ነበር። መኪናዋን የጎዷት ስለወደዷት ነው።

ቀጥሎ የልጅ ልጃቸው ካሌብ ከባሕር ዳር መጣ። ያ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው፣ ባለመነጽሩ። መኪናዋ ከዶሮዎቹ ጋር ጓሮ ቆማ አያትና «ይህቺ እኮ ክላሲክ ናት!» አለ። ክላሲክ! አሮጌ ስንላት ዞር ብሎ ያያት አልነበረም፤ ክላሲክ ስትባል ፎቶ ሊነሳባት ከእስቴ ድረስ ሰው መጣ። እኔም ይኸው ስልሳ ሞላኝ፤ ክላሲክ ያለኝ ግን አንድም የለም።

ካሌብ ላይዋን ቀለም ቀባ፣ ወንበሯን ቆዳ አለበሰ፣ ሥሯን ደግሞ በሬንጅ ለቀለቀው። ከዳር እስከ ዳር፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። «ሬንጅ ከዝገት ይከላከላል» አለኝ። ከየት ሰማህ ብዬ ስጠይቀው «ኢንተርኔት ላይ» አለ። ልጄ፣ ንጹሕ ብረት ላይ ከሆነ ይከላከላል። ዝገት ሳይፋቅ የተቀባ ሬንጅ ግን ሳይጠረግ የታሰረ ቁስል ነው፤ ከላይ ይሸፍናል፣ ከውስጥ ያበሰብሳል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ሲባል አልሰማህም? ባሕር ዳር አያርሱም ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሬንጅ የተቀባ መኪና ማን መረመረው? ማን ፈረመለት? ቦሎዋ የተለጠፈው እኮ ከዚህ ቤት በወጣ ወረቀት ነው።

ሁላችሁም ፍሬውን አያችሁት። አይ፣ አትዩት። የፍሬው ኃጢአት ብዙ ነው፤ ይቺ ግን የእሱ አይደለችም።

የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ የሺ። ሳቁ እንጂ! ቅድም ስትስቁ አልነበር?

ባለፈው ነሐሴ ነው። ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶት ነበር፤ ጉልበቴም በዚያ ሰሞን እንቢ ብሎኛል። ጋሼ ላቀው ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና «የሺ ልጄ፣ ይህቺን መኪና ከእኔ ይልቅ የምታውቂያት አንቺ ነሽ» አሉኝ። መብራቷን አየሁ። ጥሩምባዋን ነፋሁ። ጎማዋን በጫማዬ መታሁ፤ አዎ፣ እኔም መታሁ። ጎንበስ ብዬ ያንን ጥቁር ሬንጅ አየሁና «ያምራል» አልኩ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ሻንሲ ሲያምር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በልቤ ምን እያልኩ እንደነበር ልንገራችሁ? ላንድሮቨር አይዝግም እያልኩ ነበር።

ሳልወርድ ፈረምኩ።

ፍሬው፣ ስድስት ዓመት የሰደብኩህን ስድብ ሁሉ ያን ቀን ተራ በተራ በልቼዋለሁ። ለአንተ ቀንሼልሃለሁ ማለት ግን አይደለም። አንተ የማትወርደው ስለማታውቅ ነው፤ እኔ እያወቅኩ ነው ያልወረድኩት። ማን ይብሳል? እኔ እብሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ያችን መኪና መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ሌላ ሰፈር ዞሬ እሄዳለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም እንዳልኩም ጡረታዬን ይዤ እሄድ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ፋሲካ እየዘለለች ቢሮዬ ገባች። ለማታውቋት እንግዶች፣ ፋሲካ የጣቢያችን ጸሐፊ ናት፤ እሁድ ሰርጓ ነው። «እትዬ የሺ፣ ጋሼ ላቀው ላንድሮቨሯን ለሰርጌ ሰጡኝ! ለየሺ እንደ ልጇ ከሆንሽ በነጻ ነው አሉኝ!» አለች። ከስምንት ሚዜዎቿ ጋር ያንን የስማዳ ቁልቁለት ልትወርድባት ነው። እኔ ምን አልኩሽ ፋሲካ? ታስታውሻለሽ? «እሰይ» አልኩሽ። ሰኞ እሰይ፣ ማክሰኞ እሰይ፣ ትናንትም የቀሚስሽን ልክ እያየሁ እሰይ።

ዛሬ ጠዋት ካሌብ አያቱን ይዞ ሲመጣ «እስቲ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁማት» አልኩት። «ለፎቶ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ለፎቶ» አልኩት። ዋሸሁት። እሱ ወደ እናንተ ሲመጣ እኔ መዶሻዬን አንስቼ በዚህ በጥበብ ቀሚሴ ወረድኩ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም። ቅድም ከኋላ የተንሾካሾካችሁት ሴቶች፣ ቀሚሴ ላይ ያያችሁት ጥቁር ነገር ሬንጅ ነው፤ ጠይቃችሁኝ ቢሆን እነግራችሁ ነበር።

ከፊት ጀመርኩ። ጮኸ። መሐሉን መታሁት፣ ጮኸ። ተመስገን ልል ነበር። በስተኋላ ባሌስትራው፣ ማለትም ያ ተደራራቢ ብረት ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ቦታ ስደርስ ድምፅ ጠፋ። ደግሜ መታሁ። መዶሻው ገባ። ብረቱ ከሄደ ቆይቷል፤ ቆሞ የነበረው ሬንጁ ብቻ ነው። ጣቴን ሰደድኩ፤ ሦስት ጣት ገባ። ዝገቱ እንደ ሻይ ቅጠል እጄ ላይ ተራገፈ። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስታጨበጭቡ ከላይ ይሰማኝ ነበር፤ ስለ እኔ ታማኝነት የተዘጋጀውን ንግግር ስትለማመዱ መሰለኝ።

ያ ቦታ ቁልቁለት ላይ ቢገነጠል ምን ይሆናል? የኋላ ጎማዎቹ ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። ሾፌሩ መሪ ይዟል፤ የያዘው ግን መሪውን ብቻ ነው። የስማዳን ገደል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ እሁድ ልታውቁት ነበር።

ከጉድጓዱ ወጥቼ ቅጹን ሞላሁ። «አላለፈም»። የነሐሴ ፊርማዬንም ሰርዤ ምክንያቱን ከሥሩ ጻፍኩ፤ «መርማሪዋ አልወረደችም» የሚል። ቦሎዋን ከመስታወቷ በምላጭ ልጬ አንስቻለሁ። አቶ አዱኛ፣ አይነሱ። «ዛሬን እንኳ ቢተዉት» የሚለው ፊትዎ ላይ ይነበባል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የዚህ ቤት መርማሪ ነኝ። ለሰዓቱማ አሁን አመሰገንኩ።

ጋሼ ላቀው ሊናገሩ ነው። ዝም በሉ እስቲ! ማይኩን ስጧቸው።

«በገዛ ጨዌ ነው?» ነው ያሉት? አዎ ጋሼ፣ በገዛ ጨውዎ።

«ታዲያ በነሐሴ ምነው ሳትነግሪኝ?»

ስለማከብርዎ ነው ልል ነበር። ውሸት ነው። ስለምወድዎ፣ ፊትዎ እንዳይጠቁርብኝ ፈርቼ ነው። የሰው ሁሉ ፊት ሲጠቁርብኝ ኖሬ ግድ ያልሰጠኝ ሴት፣ የእርስዎን አንድ ቀን መቻል አቃተኝ። ቢያዝኑብኝ ኖሮ አዝነው ቤትዎ ይገቡ ነበር። እኔ ግን እንዳያዝኑብኝ ብዬ ዘጠኝ ወር ሙሉ በዚያች መኪና ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ዝም ብዬ አየሁ። ይቅር ይበሉኝ። ፋሲካ፣ አንቺም ይቅር በዪኝ። በስምንቱ ሚዜዎችሽ ስም ይቅር በዪኝ።

ምን እያደረጉ ነው ጋሼ? የመኪናዋን ቁልፍ ነው? ካሌብ፣ አያትህን አትያዝ፤ የሚሰጡኝን ያውቃሉ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ። አንቺ ልጅ፣ መሐረብ አቀብዪኝ።

ካሌብ፣ አታኩርፍ። መኪናዋ አልሞተችም፤ ሻንሲ ይበየዳል፣ ካልሆነም ይቀየራል። መጀመሪያ ግን ሬንጅህን በገዛ እጅህ ትፍቃታለህ። ፋሲካ፣ እሁድ በጣቢያው ሚኒባስ ትሄጃለሽ። አያምርም፣ አውቃለሁ። እሱም ገና ስላልታየ ፍሬው አሁን ቱታውን ለብሶ ይወርዳል። ምን አልክ? «ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?» በፊት ነው የኔ ጌታ! በጉ የትም አይሄድም፣ ታርዷል።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ከስድብ በኋላ ሲሆን ምርቃት ይጣፍጣል። አቶ አዱኛ፣ አባትዎ የተከሉትን ቤት እግዚአብሔር ያጽናልዎ፤ ጉድጓዱ ላይም ከክረምት በፊት ክዳን ያድርጉበት። ጋሼ ላቀው፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ መልሰው እስኪያሽከረክሯት ያቆይዎ። ፋሲካ፣ ትዳርሽን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልሽ፣ በሰላም ገብተሽ ወልደሽ ሳሚ። ለሁላችሁም የማያሳፍር ጎረቤት፣ የማያቃጥል እንጀራ ይስጣችሁ። ጉልበታችሁን ለመውረድ ያበርታችሁ። ለወደዳችሁት ሰው እውነቱን የምትናገሩበት አፍ ይስጣችሁ፤ እኔ ያጣሁትን። በፊርማችሁም ሰው ከመሞት ይሰውራችሁ።

አሜን በሉ።

ፍሬው፣ የአንተ አልተሰማኝም።